ዜና ፋኒ ብላንከርስ-ኩን፣ የለንደኗ ባለ አራት ወርቅ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1918 በሆላንድ፣ በባርን አቅራቢያ በምትገኝ መንደር ፍራንሲና ኩን ተወለደች፤ ሰውም ሁሉ ፋኒ ይላት ነበር። አባቷ ገበሬ ነበረ፤ አሎሎና ዲስከስም ይወረውር ነበር። እሷም ከአምስት ወንድሞች ጋር አድጋ በሩጫም በዋናም በረታች። ከሁለቱ አንዱን ልትመርጥ ባሰበች ጊዜ የዋና አሠልጣኟ፣ ሆላንድ ጥሩ ዋናተኞች ሞልተዋታልና ሩጫው ይሻልሻል ብሎ መከራት።

በ1935፣ በ17 ዓመቷ፣ ወደ ውድድር ገባች፤ በሦስተኛው ውድድሯም የአገሯን የ800 ሜትር ክብረ ወሰን ያዘች። ነገር ግን በዚያ ዘመን 800 ሜትር ለሴት ይከብዳል ተብሎ ከኦሎምፒክ ወጥቶ ነበርና ወደ አጭር ርቀትና ወደ ዝላይ ዞረች። በ1936 በርሊን ላይ በከፍታ ዝላይ ስድስተኛ፣ በ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል ከጓደኞቿ ጋር አምስተኛ ሆነች። ከዚያ ያተረፈችው ቢኖር የአሜሪካዊውን ሯጭ የጄሲ ኦውንስን ፊርማ ነበር።

አሠልጣኟ ያን ብላንከርስ በ1928ቱ የአምስተርዳም ኦሎምፒክ በሱሉስ ዝላይ የተወዳደረ ሰው ነበረ፤ በ1940 አገባት። በዚያው ዓመት ጀርመኖች ሆላንድን ያዙ፤ የ1940ውና የ1944ቱ ኦሎምፒክም በጦርነቱ ቀሩ። ፋኒ በወረራው ዘመን ወንድ ልጅ ወለደች። ከእንግዲህ ቤቷን ይዛ ትቀመጣለች ሲሉ ወደ ሜዳ ተመለሰች። በ1942 የ80 ሜትር መሰናክልን በ11.3 ሰከንድ ሮጠች፤ በ1943 በከፍታ 1.71፣ በርዝመት 6.25 ሜትር ዘለለች፤ ሦስቱም የዓለም ክብረ ወሰን ነበሩ። ኋላም ሴት ልጅ ተጨመረችላት። በ1946 በኦስሎ የአውሮፓ ሻምፒዮና የመሰናክሉንና የዱላ ቅብብሉን ወርቅ ወሰደች።

የ1948ቱ የለንደን ኦሎምፒክ በደረሰ ጊዜ ዕድሜዋ 30 ነበረ። የእንግሊዙ ቡድን መሪ ጃክ ክራምፕ አርጅታለች አለ፤ ከአገሯም የልጆች እናት ቤቷ ትቀመጥ የሚሉ ደብዳቤዎች ደረሷት። ልምምዷ በሳምንት ሁለት ጊዜ ነበረ፤ ልጆቿንም ይዛ ወደ ሜዳው ትሄድ ነበር። በግል ከሦስት ውድድር በላይ መግባት ክልክል ነበርና ሩጫውን መርጣ ዝላዮቹን ተወች። በዚያ ኦሎምፒክ የከፍታው ወርቅ በ1.68፣ የርዝመቱም ከ5.70 በታች ተገኘ፤ የእሷ ክብረ ወሰን ከሁለቱም ይበልጥ ነበር።

ኦገስት 2 ቀን በዌምብሌይ፣ በዝናብ በጨቀየ መም ላይ፣ 100 ሜትሩን በ11.9 አሸነፈች። ኦገስት 4 ቀን መሰናክሉ ሆነ። እንግሊዛዊቷ ሞሪን ጋርድነር ቀድማት ተነሣች፤ ፋኒም ደረሰችባት፤ ግን መሰናክል ነክታ ተንገዳገደች፤ ሁለቱም እኩል ደረሱ። ውጤቱ ሲጠበቅ የእንግሊዝ ብሔራዊ መዝሙር ተመታ፤ ፋኒም ተሸነፍኩ ብላ አዘነች። መዝሙሩ ግን የተመታው የንጉሡ ቤተ ሰብ ስለ ገባ ነበር። ለሁለቱም 11.2 ቢያዝም ፎቶግራፉ ታይቶ ድሉ ለፋኒ ተሰጠ።

ከዚህም በኋላ ድካምና የልጆቿ ናፍቆት በረታባትና ከ200 ሜትሩ ግማሽ ፍጻሜ በፊት በልብስ መቀየሪያው ክፍል አለቀሰች፤ ልተወው አለች። ባሏም ካልፈለግሽ ተይው፣ ኋላ ግን ትጸጸቻለሽ አላት። ሮጠችም። ኦገስት 6 ቀን ለሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገውን የኦሎምፒክ 200 ሜትር በ24.4 ጨረሰች፤ ሁለተኛዋን በ0.7 ሰከንድ ቀደመቻት። በማግሥቱ የዱላ ቅብብል ፍጻሜ ነበረ፤ ፋኒ ግን የዝናብ ካፖርት ልትገዛ ገበያ ወጥታ ለጥቂት ደረሰች። የመጨረሻዋ ሯጭ እሷ ነበረች፤ ዱላውን ስትቀበል አውስትራሊያ ትመራ ነበር፤ ከመድረሻው አጠገብ ቀደመቻትና ሆላንድ በ47.5 አሸነፈች። 

ጋዜጦችም በራሪዋ የቤት እመቤት አሏት። አምስተርዳም በደረሰች ጊዜ በፈረሶች በሚሳብ ሠረገላ በሕዝብ መካከል አለፈች፤ ጎረቤቶቿም ከእንግዲህ ብዙ እንዳትሮጪ ብለው ብስክሌት ሰጧት።

በ1950 ብራስልስ ላይ በ100፣ በ200 ሜትርና በመሰናክል የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነች። በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ግን ቆዳዋ ላይ በወጣ እባጭ ታምማ ነበር፤ በመሰናክሉ ፍጻሜ ሁለተኛውን መሰናክል መትታ ሩጫውን አቋረጠች፤ ወርቁን አውስትራሊያዊቷ ሸርሊ ስትሪክላንድ ወሰደች። በ1955 በአሎሎ ውርወራ 58ኛውን የአገሯን ሻምፒዮንነት አግኝታ ውድድር ተወች።

በ1999 የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር የክፍለ ዘመኑ ምርጥ ሴት አትሌት ብሎ ሰየማት። ጃንዋሪ 25 ቀን 2004 በ85 ዓመቷ ዐረፈች። በሄንገሎ ከተማ ስታዲየምና በየዓመቱ የሚደረግ ውድድር በስሟ ይጠራሉ። እሷ በሞተች በአራተኛው ወር ቀነኒሳ በቀለ በዚያ ውድድር 5,000 ሜትርን በ12:37.35 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ። በጁን 2021ም አዳማ ተወልዳ ለሆላንድ የምትሮጥ ሲፋን ሐሰን በዚያው መም የሴቶችን 10,000 ሜትር ክብረ ወሰን በ29:06.82 ሰበረች፤ ከሁለት ቀን በኋላ ኢትዮጵያዊቷ ለተሰንበት ግደይ በ29:01.03 ወሰደችው።