በሸክላው ጀርባ የተጻፉ ስሞች

ዘፈን ሲወደድ የሚወደሰው ዘፋኙ ነው፤ ይህ የሁሉም አገር ልማድ ነው። እኛም የቀድሞዎቹን ካሴቶች ስንገዛ «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» ከሚሉት ቃላት ጎን የሰፈሩትን ስሞች ልብ ብለን ያነበብን ጥቂቶች ነን። በዚህች አጭር ጽሑፍ የማነሣው የላቲን ሙዚቃን ታሪክ ሲሆን፣ ያተኮርሁትም ፎቷቸው በሸክላው ሽፋን ፊት ላይ ሳይወጣ ስማቸው ብቻ በጀርባው በደቃቅ ፊደል በተጻፈ ሰዎች ላይ ነው። እነዚህን ሰዎች መዘንጋት ውለታ ቢስነት ከመሆኑም በላይ ታሪኩን ራሱን ያዛባል ብዬ አምናለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኒውዮርክ የላቲን ሙዚቃ ታሪክ ማቺቶ የተባለው፣ በኩባ ያደገው ድምፃዊ ስም ገናና ነው። በ1940 የተመሠረተው ኦርኬስትራው «አፍሮ ኩባውያን» ተብሎ ተሰየመ። ጥቁርነት ከብዙ አዳራሽ ደጃፍ በሚያስመልስበት በዚያ ዘመን አፍሪካን በስም መነሻ ላይ አስቀድሞ መጻፍ ድፍረት ነበር። የኦርኬስትራው የሙዚቃ አእምሮ ግን የማቺቶ እኅት ባል ማሪዮ ባውሳ ነበር። ባውሳ በ1911 በሃቫና ተወልዶ በልጅነቱ ክላርኔት ተማረ፤ በ1930 ኒውዮርክ መጥቶ ኑሮውን በዚያ አደረገ። ትራምፔትም ተምሮ፣ በሃርለም ስመ ጥር የነበረው የቺክ ዌብ የጃዝ ኦርኬስትራ የሙዚቃ ዳይሬክተር ለመሆን በቃ። በዚያ የቀሰመውን የትንፋሽ መሣሪያዎች አደራደር ከኩባ የከበሮ ምት ጋር ያዋሐደው ማቺቶን ከተቀላቀለ በኋላ ነው። በ1943 የተፈጠረውን «ታንጋ» የተሰኘ ሥራውን ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የአፍሮ ኩባ ጃዝ መጀመሪያ ይሉታል። በ1947 ዲዚ ጊሌስፒን ከኮንጋ መቺው ከቻኖ ፖዞ ጋር ያገናኘውም እርሱ ነበር። ከዚያ ግንኙነት የፈለቀው ሙዚቃ የጊሌስፒና የፖዞ ታሪክ ሆኖ ሲነገር፣ አገናኙ ግን ለብዙ ዘመን የግርጌ ማስታወሻ ሆኖ ቀረ። ባውሳ በራሱ ስም በሚጠራ ኦርኬስትራ «ታንጋ» የተባለውን አልበም ያወጣው ዕድሜው ሰማንያን ካለፈ በኋላ፣ በ1992 ነው። በዓመቱም ዐረፈ።

ሁለተኛው ሰው የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። ቲቴ ኩሬት አሎንሶ በ1926 በፖርቶ ሪኮ፣ ጉዋያማ በተባለች ከተማ ተወለደ። ከሃያ ዓመት በላይ በፖስታ ቤት እየሠራ፣ ቁጥራቸው ወደ 2000 እንደሚደርስ የሚነገርላቸውን ዘፈኖች ደረሰ። ቼዮ ፌሊሲያኖ የተጫወተው «አናካኦና»፣ ስፓኛውያን ወራሪዎች በሞት የቀጧትን የታይኖ ሕዝብ ንግሥት የሚያስታውሰው፣ የእርሱ ነው። ኢስማኤል ሪቬራ የጥቁር ወገኖቹን የፊት ውበት ያወደሰበት «ላስ ካራስ ሊንዳስ»ም፣ ኤክቶር ላቮ በ1976 ያስቀረጸው «ፔሪዮዲኮ ዴ አዬር»ም የእርሱ ናቸው።

ከሥራዎቹ ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚቆጠቁጠኝ፣ ሩቤን ብሌድስ ከዊሊ ኮሎን ጋር በ1977 ያስቀረጸው «ፕላንታሲዮን አዴንትሮ» ነው። አንድ የእርሻ ሠራተኛ በአለቃው ዱላ ይሞታል፤ ተረኛው ሐኪም ግን ዱላውን ትቶ ሞቱን ለተፈጥሮ ይሰጠዋል። ሐኪም በመሆኔ ብዙ የሞት ምስክር ወረቀት ፈርሜአለሁ። በዚያ ወረቀት ላይ ከሁሉ የሚከብደው መስመር የሞቱ ምክንያት የሚጻፍበት ነው፤ እርሱ ከተዛባ ቀኑና ስሙ ትክክል ቢሆኑም ሰነዱ ሐሰት ነው። ደራሲውንና አቀናባሪውን የሚያስቀር የሙዚቃ ታሪክም እንዲሁ ነው፤ የሆነውን ነገር ይዘግባል፣ የሆነበትን ምክንያት ግን ይሰውራል።

በኩሬት ላይ የደረሰው ከመረሳትም የከፋ ነበር። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሥራዎቹ የባለቤትነት መብትና ክፍያ ላይ በተነሣ ሙግት ምክንያት፣ የገዛ አገሩ የሬዲዮ ጣቢያዎች ክስ ፈርተው ዘፈኖቹን ማሰማት ተዉ። ዝምታው ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ። ደራሲው ይህ ሳይፈታ በነሐሴ 2003 በባልቲሞር፣ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩበት ከዋሽንግተን አካባቢ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ርቃ በምትገኘው ከተማ ዐረፈ። ዘፋኞቹ በዓለም መድረክ ሲጨበጨብላቸው፣ ቃሉን የሰጣቸው ሰው በተወለደባት ደሴት አየር ላይ ድምፁ ታግዶ ሞተ።

የአቀናባሪው ድርሻ ደግሞ ከዚህም ይበልጥ ለዓይን የተሰወረ ነው። በ1978 የወጣው የብሌድስና የኮሎን «ሲዬምብራ» በሳልሳ ታሪክ እጅግ ከተሸጡት ሸክላዎች አንዱ ነው። በውስጡ ያለው «ፔድሮ ናቫሃ» ከ7 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። አድማጭ ሳይሰለች እስከ መጨረሻው የሚከተለው ታሪኩ ስለሚስብ ብቻ አይደለም። አቀናባሪው ሉዊስ ፔሪኮ ኦርቲዝ በጥቂት የምት መሣሪያዎች ጀምሮ፣ ታሪኩ በተራመደ ቁጥር አዲስ መሣሪያ እየጨመረ ውጥረቱን ከፍ ያደርገዋል። እያንዳንዱ ድምፅ ከሌላው ተለይቶ እንዲሰማ ያደረገው ደግሞ የቀረጻ ባለሙያው ጆን ፎስቲ ነው። በሽፋኑ ፊት የሁለቱም ምስል የለም።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 በኒውዮርክ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተሰኙትን ሁለት ሸክላዎች ሲያስቀርጹ ቡድናቸው «የኢትዮጵያ ኩዊንቴት» ይባል ነበር፤ አብረዋቸው የተጫወቱት ግን በአብዛኛው የፖርቶ ሪኮ ልጆች ነበሩ። ኢትዮ ጃዝ ብለን የምንኮራበት ሙዚቃ በውስጡ የእነዚያ ሰዎች እጅ አለበት፤ ስማቸውን የሚጠራ ግን ከመካከላችን የለም። ሙላቱ ራሳቸው አገር ቤት ተመልሰው ለሌሎች ድምፃውያን ብዙ ዘፈን አቀናብረዋል። ዓለም በስፋት ያወቃቸው በ1998 «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ አራተኛው ሲዲ ሥራዎቻቸው ከታተሙና በ2005 ሙዚቃቸው በአንድ የአሜሪካ ፊልም ከተሰማ በኋላ ነው።

ዛሬ የላቲን ሙዚቃ ቀረጻ አካዳሚ ከዘፋኝነትና ከተጫዋችነት ውጭ ላሉ ባለውለታዎች የተለየ ሽልማት ይሰጣል፤ መልካም ነው። በአንጻሩ ሙዚቃው ከሸክላ ወደ ስልክ ሲዛወር የሽፋኑ ጀርባ አብሮ ጠፍቷል፤ ስሞቹ በአንዳንድ ቦታ ቢኖሩም የሚታዩት ፈልጎ ለሚያገኛቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ክብሩ ከሽልማት በፊት ከእኛ ከአድማጮች መጀመር ይኖርበታል። ልጆቻችን በሠርጋችን ላይ በሚጨፍሩበት ዘፈን «ማን ዘፈነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ማን እንደ ደረሰውና ማን እንዳቀናበረውም አክለን እንንገራቸው። ለባለሙያዎቹ የሚገባው ክፍያና ምስጋናም በሕይወት ሳሉ ይድረሳቸው፤ ለኩሬት አሎንሶ አልደረሰም።