በሁለት ነጥብ የሚጀምር መስመር

አልቴር 8800 እ.ኤ.አ. በጥር 1975 በፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ መጽሔት ሽፋን ላይ ሲወጣ ዲስክ የነበረው ሰው ጥቂት ነው። ፕሮግራም የሚቀመጠው በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ላይ፣ ጥብጣቡን የሚበሳውና የሚያነበው ደግሞ ኤኤስአር 33 የሚባለው ቴሌታይፕ ነበር። ፍጥነቱ በሰከንድ 10 ፊደል ነው።

ቴሌታይፕ የተሠራው ለጽሑፍ ነው፤ ችግሩም ከዚህ ይነሳል። የአልቴር ፕሮሰሰር ለሆነው ለኢንቴል 8080፣ 07 ማለት በአኩሙሌተሩ ውስጥ ያሉትን ቢቶች ወደ ግራ አዙር ማለት ነው፤ ቴሌታይፑ ግን 07 ሲደርሰው ደወል ይመታል። 13 ለፕሮሰሰሩ አንድ የመጨመር ትእዛዝ ሲሆን ለቴሌታይፑ ጥብጣብ ማንበብህን አቁም ማለት ነው። ስለዚህ አሴምብለሩ (የፕሮግራሙን ጽሑፍ ወደ ባይት የሚለውጠው ፕሮግራም) ያወጣቸው ባይቶች እንዳሉ ቢላኩ ሥራው መሃል ላይ ሊቋረጥ ይችላል። ኢንቴል ያመጣው መፍትሔ እያንዳንዱን ባይት በ16 መሠረት በሁለት ፊደል መጻፍ ነበር፤ ይህ አጻጻፍ ኢንቴል ሄክስ ይባላል።

ማይክሮኮንትሮለር ሳስተምር ይህችን መስመር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፦

:070100002100203640347697

ከሁለት ነጥቡ ቀጥሎ ያለው 07 የባይቶቹ ብዛት ነው። 0100 የሚጫኑበት የሜሞሪ አድራሻ፣ 00 ደግሞ መስመሩ ተራ ዳታ መያዙን የሚናገር ነው። ፕሮግራሙ ከዚያ ይጀምራል፦ 210020 አድራሻ 2000ን ያመለክታል፣ 3640 እዚያ ላይ 40ን ያስቀምጣል፣ 34 አንድ ይጨምርበታል፣ 76 ያቆማል። መጨረሻ ላይ ያለው 97 ማረጋገጫ ነው፤ ከፊቱ ካሉት ባይቶች ሁሉ ጋር ሲደመር የድምሩ የመጨረሻ ባይት ዜሮ መምጣት አለበት። 40ውን ወደ 50 የቀየረ ተማሪ 97ቱን ወደ 87 ካልቀየረ ጫኚው ስህተት አለ ይለዋል። ተማሪዎቼ ይህን በእጃቸው እንዲያሰሉት አጥብቄ እፈልጋለሁ፤ አርዱይኖ ላይ የሚጭኑት ፕሮግራም ዛሬም በዚሁ አጻጻፍ ነውና።

ዋጋው ቀላል አልነበረም። ሰባቱ ባይቶች 25 ፊደል ሆነዋል። 4096 ባይት ያለው ፕሮግራም በየመስመሩ 16 ባይት ተደርጎ ሲጻፍ በቴሌታይፕ ለማንበብ 19 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ባይቶቹ እንዳሉ ቢሆኑ ግን ሰባት ደቂቃ ገደማ ይበቃ ነበር። እኔ ልውውጡ የሚያዋጣ ነበር ባይ ነኝ። ጥብጣብ ይቀደዳል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፤ በዚህ አጻጻፍ ግን የቱ መስመር እንደተበላሸ ማወቅ ይቻላል።

ፍሎፒ ዲስክ ሲመጣ ሄክሱን ወደ ባይት መልሶ መለወጥ ግድ ሆነ። ጋሪ ኪልዳል በ1974 በሠራው ሲፒ/ኤም በተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ አሴምብለሩ የሚያወጣው የሄክስ ፋይል ነው፤ ሎድ የተባለው ትእዛዝ ያንን አንብቦ፣ ሁለት ነጥቡን፣ አድራሻውንና ማረጋገጫውን አራግፎ፣ ባይቶቹን ብቻ በኮም ፋይል ያስቀምጣል። አድራሻ መጻፍ አላስፈለገም፤ የሲፒ/ኤም ፕሮግራም ሁሉ 0100 ላይ ይጫናልና።

ሌሎች ኩባንያዎችም የየራሳቸውን አጻጻፍ አበጁ። ሞቶሮላ መስመሩን ኤስ በሚለው ፊደል ጀመረ። ሞስ ቴክኖሎጂ በ1976 ላወጣው ኪም-1 ኮምፒውተር በሴሚኮለን ጀምሮ ማረጋገጫውን ሁለት ባይት አደረገው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚለውጥ ፕሮግራም መጻፍ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ አድራሻውና ባይቶቹ እንዳሉ ይቆያሉ፣ ማረጋገጫው ግን እንደ አዲስ ይሰላል። ኢፕሮም በሚባለው የሜሞሪ ቺፕ ላይ የሚጽፉ መሣሪያዎችም እስከ ዛሬ የኢንቴልንም የሞቶሮላንም ይቀበላሉ።