የጣና ታንኳ ሠሪዎች፤ ሙያውና መግቢያው

ታሪክ ስናስተምር ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብዙ እንናገራለን፤ ስለ ሠሪው እጅ የምንናገረው ግን ጥቂት ነው። በጣና ዳር ያደጉ እጩ መምህራን ሳይቀሩ ታንኳውን እንጂ ታንኳ ሠሪውን አያውቁትም። «ሙያውን ለመያዝ የሚሻ ሰው በየት በኩል ይገባል?» ብንላቸው ዝም ይላሉ። መልሱ ራሱ አንድ የታሪክ ትምህርት ስለሆነ ጥቂት ልንልበት ወደድን።

የጣና ታንኳ ሳንቃም ሚስማርም የለውም፤ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል በሐይቁ ዳር የሚበቅል፣ አገዳው አየር ያዘለ ተክል ነው። ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ በነዶ በነዶ ይታሰራል፤ ነዶዎቹም ተጠፍረው አፍንጫው ወደ ላይ ይቀናል። ውሃ በመካከሉ ቢገባ እንኳ ወዲያው አይሰጥምም፤ የሚያንሳፍፈው በአገዳው ውስጥ ያለው አየር ነውና። ሆኖም ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል። ስለዚህ ከጉዞ በኋላ ወደ ደረቅ ወጥቶ ይሰጣል፤ ያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው።

ይህ የዕድሜ ማጠር ጉድለት ይመስላል። ለተማሪው ግን በጎ ነገር አለው። አሮጌው በቶሎ በአዲስ ስለሚተካ፣ ልጅ ከአባቱ ጎን ሆኖ ሥራውን ደጋግሞ ያያል፤ ደንገል ይሸከማል፣ ያሰጣል፣ ገመድ ይይዛል፤ ቀስ በቀስም ማሰሩን ይለምዳል። በዚህ ሙያ ዘንድ የተጻፈ መመሪያ የለም፤ መምህሩ አባት፣ ትምህርት ቤቱ የሐይቁ ዳር ነው።

ይሁን እንጂ በሩ ለሁሉ የተከፈተ አልነበረም። ሙያው በተለይ የነገደ ወይጦ ሰዎች ነበር። እነዚህ ሰዎች የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ አማርኛ ተናጋሪ ሆነዋል። ቀድሞ ጉማሬ አዳኞች ስለነበሩና ሥጋውንም ስለሚበሉ ጎረቤቶቻቸው ይጸየፏቸው ነበር። እህሉንና እንጨቱን ያሻገረው ታንኳቸው ይፈለጋል፤ እነርሱ ግን ከማዕድ ይገለላሉ። ወደ ሙያው የሚያስገባው መወለድ ነበር፤ በሙያው ውስጥ አጥሮ ያስቀረውም ያው መወለድ ነበር።

የደንገል ጀልባ ጥቅም ለቤተ መንግሥትም አልተሰወረም። በ1866 እ.ኤ.አ. ዐፄ ቴዎድሮስ በቁራጣ በእጅ የሚዞር መንኰራኵር ያላቸው ትልልቅ የደንገል ጀልባዎች እንዳሠሩ በዚያ የነበሩት የእንግሊዝ መልእክተኞች ጽፈዋል። ይህን ስናስተምር የንጉሡን ሐሳብ እናደንቃለን፤ ደንገሉን ማን እንዳሰረው ግን አንጠይቅም።

እጅ ምን ያህል እንደሚለይ ካስፈለገ ሌላ ምስክር አለ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን በደንገል ጀልባ ለማቋረጥ ሲነሣ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. የተጓዘችውን «ራ» የተባለችውን ጀልባ የሠሩት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ጀልባዋ ካሰበችው ሳትደርስ ተበታተነች። በ1970 እ.ኤ.አ. የተጓዘችውን «ራ ሁለት» ያሰሩት ደግሞ በቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ አይማራዎች ናቸው። እርስዋም ከሞሮኮዋ ሳፊ ተነሥታ በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። ደንገሉ የዚያው የጣና ነው፤ አስተሳሰሩ ግን ሌላ ነበር። እንግዲህ ዕውቀቱ ያለው በሣሩ ብቻ ሳይሆን በእጁም ጭምር ነው።

ዛሬ ሁለቱም ይሳሳሉ። በ1996 እ.ኤ.አ. በጨራጨራ ግድብ ከተሠራ ወዲህ የሐይቁ ውሃ በሰው እጅ ይለቀቃል፤ ዳርቻው እየታረሰ ደንገሉ ይመነጠራል፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የታየው እንቦጭም ዳርቻውን ወርሯል። የሞተር ጀልባው ጭነቱን ወስዷል። ደንገል ያጣ አባት ለልጁ ምን ያሳየዋል?

እኛ መምህራን ደንገሉን ልናበቅል አንችልም፤ የሙያውን በር ግን ጨርሶ ሳይዘጋ ልናሳይ እንችላለን። በጣና ዙሪያ ያለን ተማሪዎቻችንን ወደ ዳርቻው እንውሰድ፤ ሽማግሌውን አስፈቅደን ሲያስር እንዲያዩ፣ የእያንዳንዱን ክፍል ስም ከአፉ ሰምተው እንዲጽፉ እናድርግ። ከተማሪዎቹ መካከል የታንኳ ሠሪ ልጅ ቢኖር፣ በዚያን ቀን አባቱ የክፍሉ መምህር ይሆናል። ያ ልጅ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ ቤቱ ከተመለሰ፣ ከመጽሐፉ ያላገኘውን ታሪክ አስተምረነዋል ማለት ነው።