ንባብና ትርጓሜ፤ የሃይማኖት ትምህርት ታሪክ ከለገሃር ሲታይ

በአዲስ አበባ ከተማ መካከል የሚገኘው ለገሃር ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ መጠሪያ ነው። ከጣቢያው አደባባይ ተነሥቶ የቸርችልን ጎዳና ወደ ላይ የሚወጣ ሰው በጣልያን ወረራ ጊዜ በ1937 እ.ኤ.አ. በአርበኝነት በወደቁት በደጃዝማች ገብረ ማርያም ስም የተሰየመውን የፈረንሳይ ሊሴ ያገኛል። ሊሴው በ1947 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን ሃይማኖትን ከመማሪያ ክፍል ውጭ የሚያደርገው የፈረንሳይ ልማድ ወራሽ ነው። በቂርቆስ በኩል ደግሞ የካቶሊክ ወንድሞች በ1959 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት የቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤት አለ። በመስቀል አደባባይ ዳር የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ይታያል። እነዚህ ሦስቱ፣ በእግር በአጭር ጊዜ የሚዳረሱ ሥፍራዎች፣ ለአንድ ጥያቄ የተሰጡ ሦስት መልሶች ናቸው። ጥያቄውም፤ የክርስቲያኑን ልጅ ሃይማኖቱን ማን ያስተምረው? የት ያስተምረው? በየትኛውስ ቋንቋ? የሚል ነው። ባቡሩ ከመምጣቱ ከብዙ ዘመናት በፊትም ይህ ጥያቄ በአገሪቱ ሲነሣ ኖሯል።

የጥንቱ መልስ የታወቀ ነው። ልጁ በየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ፊደል ይቆጥራል፤ ከዚያም የዮሐንስን መልእክትና ወንጌል ያነባል፤ በመጨረሻም ዳዊት ይደግማል። ዳዊቱ 151 መዝሙራትን የያዘ ሲሆን የነቢያት ጸሎት፣ የሰሎሞን መኃልይና ውዳሴ ማርያም ይከተሉታል። አብዛኛው ተማሪ እዚህ ላይ ያቆማል። የቀረው ጥቂቱ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነና ከውሻ ጋር እየታገለ፣ ወደ ዜማ ቤት፣ ወደ ቅኔ ቤት፣ ወደ መጻሕፍት ቤት ይዘልቃል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ አንድ እንግዳ ነገር አለ። ዳዊቱን በቃሉ የሚወጣው ሕፃን ግዕዙን አይሰማም፤ ንባቡን ያውቃል፣ ትርጓሜውን ግን አያውቅም። ይህን ብቻ አይተው ሥርዓቱን የናቁት ጸሐፊዎች ብዙዎች ናቸው። ፍርዳቸው ግን የተቻኮለ ይመስላል፤ ማተሚያ በሌለበትና ብራና በሚወደድበት አገር የሰው አእምሮ ራሱ ቤተ መጻሕፍት ነበርና።

ከትምህርት ቤት ደጃፍ ያልደረሰው ገበሬስ? ለእርሱ መጽሐፉ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ነበር። ሰዓሊው በመቅደሱ ዙሪያ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረሱ ላይ፣ ስቅለቱን፣ በሚዛን የሚመዘነውን በላዔ ሰብን ይሥልለታል። ሰው በላው በጥርኝ ውኃ ምክንያት በእመቤታችን አማላጅነት መዳኑን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አላስፈለገም። ሃይማኖት ከዚህም ሌላ በጾም፣ በዝክር፣ በማኅበርና በነፍስ አባት ምክር ይተላለፍ ነበር። በዚህ መሠረት የአገራችን የሥዕል ጥበብ ለረጅም ዘመን ከጌጥነቱ ይልቅ በመምህርነቱ የኖረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሃይማኖትን ማስተማር የመንግሥት ትእዛዝ የሆነበትም ዘመን ነበር። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ካህናት በቅዳሜና በእሑድ ሕዝቡን ሰብስበው እንዲያስተምሩ አዘዘ፤ ራሱም በትምህርተ ሃይማኖት ላይ መጻሕፍት ደረሰ። ይሁን እንጂ መምህሩ ንጉሥ ሲሆን ትምህርቱ ከቅጣት ጋር ተቆራኘ። በባዕድ አምልኮ የተጠረጠሩት፣ የገዛ ልጆቹ ሳይቀሩ፣ ጽኑ ቅጣት እንደ ደረሰባቸው ዜና መዋዕሉ ይተርካል።

የትርጓሜው ጉዳይ በግልጽ የመጣው ግን ከውጭ በገባ ተቀናቃኝ ነው። በ1603 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ የገባው ኢየሱሳዊው ጴድሮ ፓኤዝ ለሕፃናት የሚሆነውን የካቶሊክ ትምህርተ ሃይማኖት ወደ አማርኛ አስመልሶ አስተማረ። በዐፄ ዘድንግል ፊት በቀረበ ጊዜም ተማሪዎቹ የሆኑ ልጆች ትምህርቱን እንዲመልሱ አደረገ። ሊቃውንቱን ያስደነቀውም ያሰጋቸውም ይኸው ነበር፤ በገበሬው ቋንቋ ስለ ሥላሴ የሚመልስ ሕፃን! ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 እ.ኤ.አ. ካቶሊክነቱን በይፋ ቢቀበልም ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 እ.ኤ.አ. የአባቶቹን ሃይማኖት መልሶ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ፤ መሣሪያቸው ግን አገር ውስጥ ቀረ። የኦርቶዶክስ ሊቃውንት አምስቱን አዕማደ ምሥጢር በአማርኛ ማስረዳት ያዙ። በጎንደርም ዘመን «አንድም» እያለ የሚያመሠጥረው የአንድምታ ትርጓሜ ሥርዓቱን ይዞ ተስፋፋ። ስለ አማርኛ ዝርው ጽሑፍ አነሣሥ የሚጠይቅ ሰው ከቤተ መንግሥት ይልቅ ወደዚህ የጉባኤ ክርክር ቢመለከት ይሻለዋል።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ክርክሩ መልኩን ለውጦ ተመለሰ። ዐፄ ምኒልክ የአውሮፓ ቋንቋ የሚሰጥበት ትምህርት ቤት ለመክፈት ሲያስቡ አቡነ ማቴዎስ ተቃወሙ፤ የፈረንጅ መምህር የፈረንጅ ሃይማኖት ያመጣል የሚል ሥጋት ነበራቸውና። ንጉሠ ነገሥቱ ያገኙት መፍትሔ ብልሃት ያለበት ነው። መምህራኑ ከግብጽ፣ ከራሳቸው ከአቡኑ ቤተ ክርስቲያን ከቅብጦች መካከል እንዲመጡ ተደረገ። በ1908 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን የዳግማዊ ምኒልክን ትምህርት ቤትም ግብጻዊው ሐና ሳሊብ በዳይሬክተርነት መሩት። በዚያን ጊዜ ባቡሩ ገና ከድሬዳዋ አላለፈም ነበር። አዲስ አበባ የገባው በ1917 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዛሬም የሚታየው የጣቢያው ሕንፃ በ1929 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። በዚህ መካከል፣ በ1925 እ.ኤ.አ.፣ በሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የበላይነት የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሥራውን ጀመረ። የቅብጡ ዘበኝነት ቀስ በቀስ ላላ። ሐዲዱ መጽሐፍ፣ መምህርና ሚስዮናዊ የሚያመላልስ ሆነና ጥያቄውን በአንድ አቡን ፈቃድ ብቻ ማገድ የማይቻል ሆነ።

ከነጻነት በኋላ መንግሥት ነገሩን በሕግ ለመወሰን ሞከረ። በ1944 እ.ኤ.አ. የወጣው የሚስዮኖች ድንጋጌ አገሪቱን በሁለት ከፈላት። ኦርቶዶክሳውያን በሚበዙበት ክልል ሚስዮኖች ለክርስቲያኖች ሁሉ የጋራ የሆነውን መሠረተ ሐሳብ እንጂ የየራሳቸውን ቀኖና እንዳያስተምሩ ሲከለከል በሌላው ክልል ግን ተፈቀደላቸው። አዲስ አበባም ከተፈቀዱት ወገን ሆነች። የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆንም ታዘዘ። ለገሃር ዙሪያ ሊሴውና የወንድሞቹ ትምህርት ቤት ጎን ለጎን ሊቆሙ የቻሉት ዋና ከተማዋ እንዲህ ክፍት ስለ ነበረች ነው።

ከ1974 እ.ኤ.አ. አብዮት በኋላ የሆነው ይበልጥ ከባድ ነው። በመጋቢት 1975 እ.ኤ.አ. የገጠር መሬት ሲወረስ ቤተ ክርስቲያን ለካህናቷና ለመምህራኗ መተዳደሪያ የነበረውን መሬት አጣች። ይህ ለባላገሩ ፍትሕ የሆነ አዋጅ የየኔታን ጉሮሮ አብሮ መንካቱን በዚያን ጊዜ ያስተዋለ ጥቂት ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ ሚሊዮኖች ፊደል ቆጠሩ። በዚያው ዓመት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተገደሉ። ማንበብን በዚያ ስፋት ያዳረሰና የሃይማኖት መምህራንን በዚያ ጭካኔ ያጠፋ መንግሥት አንድ መሆኑ ለታሪክ ጸሐፊ የማይመች እውነት ነው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል ግን አይቻልም።

የሃይማኖት ትምህርት ከመደበኛው ክፍል ሲወጣ ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት ገባ። ቀን በትምህርት ቤት ቁሳካላዊነትን የተማረ ወጣት እሑድ በደብሩ አዳራሽ ነገረ ሃይማኖትን በአማርኛ ይማር ጀመር። መምህሩም ብዙ ጊዜ የኔታ ሳይሆን የሠፈሩ የኮሌጅ ተማሪ ነበር። በ1991 እ.ኤ.አ. ወደ ብላቴ ማሠልጠኛ በዘመቱት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል የተጠነሰሰው የጸሎትና የትምህርት ኅብረት በማግሥቱ ዓመት ለቆመው ማኅበረ ቅዱሳን አንዱ መነሻ ሆነ። የ1995 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም እንዲመሠርቱ ሲፈቅድ፣ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ይደነግጋል።

አሮጌው ባቡር ከለገሃር ጣቢያ መነሣት ካቆመ ቆይቷል፤ አዲሱ ሐዲድ ከከተማው ጠርዝ ይነሣል። መስከረም 16 ቀን ግን በየዓመቱ የየደብሩ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው በለገሃር በኩል ወደ መስቀል አደባባይ ይጎርፋሉ። ለደመራው በሰልፍ የሚያቀርቡትን ለሳምንታት ሲያጠኑ የቆዩ ናቸው። ወረቡ በግዕዝ፣ መዝሙሩ በአማርኛ ነው።