ኅዳር ሲታጠን

ኅዳር 12 ቀን፣ በቅዱስ ሚካኤል በዓል፣ በየሠፈሩ ጥራጊው ተከምሮ ሲቃጠል፣ ጢሱም ከተማውን ሲሸፍነው በየዓመቱ እናያለን። ልጆቻችን «ኅዳር ሲታጠን» ማለትን ያውቃሉ፤ ስለ ምን እንደሚታጠን የሚነግራቸው ግን እያነሰ ሄዷል።

በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ በአዲስ አበባ ላይ ድንገተኛ ደዌ ወደቀ። ወሩ በገባ በ2ኛው ቀን በአውሮፓ የታላቁ ጦርነት መድፍ ዝም ብሎ ነበር፤ በሽታው ግን ዝም አላለም። በዓለም ሁሉ ከሕዝቡ ሢሶው ያህል እንደ ታመመ፣ የሞተውም 50 ሚሊዮን ሊደርስ እንደሚችል ሊቃውንት ይገምታሉ። የውጭ አገር ሰዎች የእስፓኝ በሽታ አሉት። ይህም እስፓኝን መበደል ነው፤ ተዋጊዎቹ መንግሥታት ወሬውን ሲሸሽጉ፣ ከጦርነቱ ውጭ የነበረችው እርሷ በጋዜጦቿ ስለ ገለጠች፣ እውነት ተናጋሪዋ ስሙን ተሸከመች።

የእኛ ሰው ግን በወሩ ስም የኅዳር በሽታ አለው። ትኩሳትና ሳል ሆኖ ይጀምርና ሳንባን ይይዛል። ይልቁንም ከ20 እስከ 40 ዓመት ያለውን ብርቱ ሰው ስለ ጣለ፣ ውኃ የሚቀዳው፣ በሽተኛ የሚያስታምመው፣ መቃብር የሚቆፍረው ክንድ አስቀድሞ ዛለ። በአዲስ አበባ ብቻ 10 ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀ ተገምቷል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንንም በጽኑ ታመው እንደ ዳኑ ራሳቸው በሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል።

ለእኛ ለካህናት ከሁሉ የሚከብደን የቀብሩ ነገር ነው። በአገራችን ሰው ሲሞት ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ካህናት ይፈቱታል፣ ወዳጅ ያለቅሳል። ያን ጊዜ ግን ጎረቤቱም ካህኑም በአልጋ ላይ ነበሩ፤ ስለዚህ ብዙዎች ያለ ፍትሐትና ያለ ልቅሶ በአንድ ጉድጓድ ተጨመሩ።

በዚያ ዘመን ደዌው ከቆሻሻ ከሚነሣ ክፉ አየር ይመጣል ተብሎ ይታሰብ ነበርና፣ ጥራጊውን የማጠኑ ልማድ ከዚያ መከራ እንደ ቀረ ይነገራል። እውነቱን ለመናገር ጢሱ የሚያቆመው በሽታ አልነበረም። በሽታው የሚተላለፍ በትንፋሽ ነበረ፤ የኢንፍሉዌንዛም ረቂቅ ተሐዋሲ ከሰው ተለይቶ የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1933 ነው። ዛሬማ ጢሱ ራሱ አረጋውያንን ሲያስል እሰማለሁ፤ ቢቀንስ አልጠላም።

በጸሎተ ፍትሐት የሟቹ ስም ይጠራል። የእነዚያ የብዙዎቹ ስም ግን ስላልተጻፈ፣ እኔ በዚያ ቀን ከቅዳሴ በኋላ፣ «ስማቸውን አንተ የምታውቀው» እያልሁ አነሣቸዋለሁ።