ስለ ቶዮታ አውቶሞቢል ጥንካሬ፤ ታሪኩና የባለመኪኖች ቃል

በአዲስ አበባ ከተማ መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው ወዳጆቹን ምክር ሲጠይቅ፣ ከብዙዎቹ የሚያገኘው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ «ቶዮታ ከሆነ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ» ይሉታል። ስለ ምን ብሎ ቢጠይቅ «የጃፓን ሥራ ነዋ!» ይሉታል እንጂ ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ አያገኝም። ይህ መልስ ለገዢ ይበቃ ይሆናል፤ ለታሪክ ተማሪ ግን አይበቃም። የአንድ አገር ሰው ብልሃትን ይዞ የሚወለድ ከሆነ፣ ሌላው ከእርሱ የሚማረው ነገር የለም ማለት ነውና። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ የቶዮታ አውቶሞቢል ዛሬ ላለው ስም እንዴት እንደ በቃ፣ ባለመኪኖችስ «ጠንካራ ነው» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ለመመርመር እንሞክራለን። ዘመኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።

1. ከድርና ከማግ የተገኘ ሐሳብ

የቶዮታ ታሪክ የሚጀምረው ከአውቶሞቢል ሳይሆን ከሽመና ነው። ሳኪቺ ቶዮዳ በ1867 ዛሬ ሺዙኦካ በሚባለው ክፍል፣ በአንድ የገጠር መንደር፣ ከአናጢ ቤት ተወለደ። በአገራችን ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ ሥራ ሆኖ ሲኖር፣ በጃፓን ገጠር ግን ሴቶች ይሸምኑ ነበር፤ ሳኪቺም የእናቱን ድካም እያየ እንዳደገ ይተረካል። ከአባቱ የተማረውን የእንጨት ሥራ ይዞ የሽመናን መሣሪያ ለማሻሻል ተነሣ፤ በ1891ም ስለ አንድ የእጅ መሸመኛ የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት አገኘ። ከብዙ ሙከራ በኋላ በ1924 «ጂ» የሚባለውን፣ በራሱ የሚሠራውን የሽመና መኪና ለፍጻሜ አደረሰ።

የሸማኔ ልጅ የሆነ አንባቢ የዚህን መኪና ጥቅም ፈጥኖ ይረዳዋል። አንድ ድር ተበጥሶ ሸማኔው ሳያይ ቢቀር፣ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ክንድ ሁሉ ብልሹ ይሆናል። የሳኪቺ መኪና ግን ድር ሲበጠስ ወዲያው በራሱ ቀጥ ይል ነበር። በዚህም ምክንያት አንድ ሠራተኛ ከአንዱ መኪና አጠገብ ተገትሮ መዋል ሳያስፈልገው ብዙዎችን ለመጠበቅ ቻለ። በ1929 የእንግሊዝ አገር የታወቀው የሽመና መኪና ሠሪ፣ የፕላት ወንድማማቾች ኩባንያ፣ የዚህን መኪና መብት በ100,000 ፓውንድ ለመግዛት ተዋዋለ። ሳኪቺም በሚከተለው ዓመት ሞተ። ለልጆቹ ገንዘብና ፋብሪካ ትቶ ነበር፤ ለታሪካችን ከሁሉ የሚበልጠው ግን ስሕተት በታየበት ቅጽበት ሥራን የማቆም ሐሳብ ነው።

2. የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች ድካም

በ1923 የቶኪዮ አካባቢ በታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲፈርስና የባቡሩ ሐዲድ ሲቋረጥ፣ ከተማዪቱ ሕዝቧን ለማመላለስ ከአሜሪካ የፎርድ መኪናዎችን አስመጣች። ፎርድ በ1925 በዮኮሃማ፣ ጄኔራል ሞተርስም በ1927 በኦሳካ መገጣጠሚያ አቆሙ። ስለዚህ የሳኪቺ ልጅ ኪይቺሮ በ1933 በሽመና መኪናው ፋብሪካ ውስጥ የአውቶሞቢል ክፍል ሲከፍት፣ የጃፓን ጎዳና የአሜሪካኖች ነበር።

ኪይቺሮና ጓደኞቹ የአሜሪካንን መኪናዎች እየፈቱ እያዩ፣ በ1934 አንድ ሞተር፣ በ1935 ደግሞ አንድ የሙከራ አውቶሞቢልና «ጂ1» የተባለውን የጭነት መኪና ሠሩ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው ነገር አለ። ይህ የጭነት መኪና ደካማ ነበር። በየመንገዱ ይሰበር፣ ገዢዎቹንም ያማርር ነበር። ዛሬ በጥንካሬው የሚመሰገነው ስም የተጀመረው በወቀሳ ነው።

ከወቀሳው ያዳነው ምን ነበር? በዚያው በ1935 ሾታሮ ካሚያ የሚባል ሰው በጃፓን የነበረውን የጄኔራል ሞተርስ ሥራውን ትቶ ወደ ቶዮዳ መጣ። የንግዱን ሥርዓት ሲያቆም፣ በመጀመሪያ ገዢው፣ ቀጥሎ ሻጩ፣ በመጨረሻም ሠሪው ይጠቀም የሚል ደንብ አወጣ። መኪናው ሲሰበር የፋብሪካው ሰዎች ወደ ተሰበረበት ቦታ እየሄዱ ጠገኑት፤ የተሰበረውም ዕቃ የሚቀጥለው መኪና እንዴት መሠራት እንዳለበት የሚያስተምር ሆነ።

ይሁን እንጂ ሁሉን ነገር ለትጋት ብቻ መስጠት ከታሪክ ጋር አይስማማም። በ1936 የጃፓን መንግሥት በወጣው ሕግ የአውቶሞቢልን ሥራ ፈቃድ ላገኙ ያገር ውስጥ ኩባንያዎች ስለ ወሰነ፣ የአሜሪካኖቹ ውድድር እየደከመ ሄደ። ያለዚህ ከለላ ያ ደካማ መኪና ለመታረም ዕድሜ ማግኘቱ ያጠራጥራል። በዚያው ዓመት ኩባንያው ምልክት የሚሆነውን ስም ከሕዝብ ሲጠይቅ 27,000 ያህል ሐሳብ ቀረበለት፤ «ቶዮዳ» የነበረውም «ቶዮታ» ሆነ። ይህ ስም በጃፓን ፊደል በ8 ጭረት የሚጻፍ ሲሆን፣ ስምንት ቁጥር በዚያ አገር የመልካም ዕድል ምልክት ነው። ራሱን የቻለው የቶዮታ ሞተር ኩባንያ በነሐሴ 1937 ተቋቋመ።

3. ሁለተኛው ፈተናና የሚቆመው ሰልፍ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኩባንያው ለመዘጋት ተቃርቦ ነበር። በ1950 ብዙ ሠራተኞች ከሥራ እንዲወጡ በመደረጉ ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ ተነሣ፤ ኪይቺሮም ኀላፊነቱን ወስዶ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በ1952ም ሞተ። በሰኔ 1950 የኮሪያ ጦርነት ሲጀመር የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የጭነት መኪናዎች ስላዘዘ፣ ኩባንያው ከመውደቅ ተረፈ። የጎረቤት ሕዝብ መከራ ለአንዱ ፋብሪካ ዕድል መሆኑን ሳይጠቅሱ ማለፍ ተገቢ አይመስለንም።

በዚህ ዘመን ታይኢቺ ኦኖ የተባለ መሐንዲስ የፋብሪካውን አሠራር ለወጠ። ኦኖ በ1943 ወደ አውቶሞቢሉ ኩባንያ የመጣው ከቶዮዳ የፈትልና የሽመና ፋብሪካ ነበርና፣ የሳኪቺን ሐሳብ ከመኪና ወደ ሰው አዛወረው። ድሩ ሲበጠስ የሽመናው መኪና በራሱ እንደሚቆም፣ ጉድለት ያየ ማንኛውም ሠራተኛም የሥራውን ሰልፍ እንዲያቆም ተፈቀደለት። በሌላ ፋብሪካ ሰልፍ ያቆመ ሠራተኛ እንደ ጥፋተኛ ይቈጠር ነበር። በዚህ ግን ጉድለት አይቶ ዝም ያለው ጥፋተኛ ሆነ።

ቢሆንም ሥራው ገና አልተፈጸመም። ቶዮታ «ክራውን» የተባለውን አውቶሞቢል ወደ አሜሪካ ልኮ በ1958 የሸጠው 287 ብቻ ነበር። መኪናው ለጃፓን ጠባብ መንገድ ተሠርቶ ስለ ነበር በአሜሪካ ሰፊ ጎዳና ጉልበት አነሰው፤ ሞተሩም ይግል ነበር። በ1960 ኩባንያው የዚህን መኪና ንግድ በአሜሪካ አቁሞ፣ በላንድክሩዘር ብቻ ስሙን እያቆየ፣ ወደ ፋብሪካው ተመለሰ። አዲሱን «ኮሮና» በ1964 በጃፓን አውራ ጎዳና ላይ 100,000 ኪሎ ሜትር በሕዝብ ፊት አስነድቶ ከፈተነው በኋላ በ1965 ወደ አሜሪካ ሲልከው ተወደደ። በ1966 «ኮሮላ» ተከተለ። ይህም በሽመናው መኪና የታየው ነገር ነው፤ ድሩ መበጠሱ ታወቀ፣ ሥራው ቆመ፣ ታረመ፣ ቀጠለ።

4. በአገራችን የባለመኪኖች ቃል

የፋብሪካው ታሪክ ብቻ የመኪናን ጥንካሬ አይገልጽም፤ የሚፈተነው በባለቤቱ እጅ ነውና። ስለዚህ በአዲስ አበባ ጥቂት ሾፌሮችንና መካኒኮችን አነጋገርን። ቁጥራቸው ትንሽ ስለ ሆነ ቃላቸውን እንደ አስተያየት እንጂ እንደ ማስረጃ አናቀርበውም።

ዲኤክስ የሚባለውን አሮጌ ኮሮላ ከ30 ዓመት በላይ የያዙ አንድ አባት እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፣ የማይበላሽ መኪና የለም። ይህቺ ግን ሳትታመም በፊት ትናገራለች። ድምፅዋ ሲለወጥ እሰማታለሁ፤ ዕቃዋን ሶማሌ ተራ አገኘዋለሁ፤ መካኒኩም ሆዷን ያውቀዋል።» በዚህ አጭር ንግግር ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ጉድለትን አስቀድሞ ማሳወቅ፣ የመለዋወጫ ዕቃ መገኘትና የጠጋኝ ዕውቀት። ሰው ሁሉ ለፋብሪካው ከሚሰጠው ምስጋና ውስጥ ሁለቱ ክፍል የእኛው ነጋዴዎችና መካኒኮች ሥራ ነው።

አባዱላ የሚባለውን ሚኒባስ የሚነዳ አንድ ሰው ደግሞ ስለ ጥንካሬ ስንጠይቀው ስለ ሞተር አልነገረንም። «አንድ ቀን የቆመ መኪና የሾፌሩን ጉሮሮ፣ የረዳቱን ጉሮሮ፣ የባለቤቱንም ጉሮሮ ይዘጋል» አለን። ለእርሱ ጥንካሬ ማለት ማታ ወደ ቤት ይዞት የሚገባው እንጀራ ነው።

በመጨረሻ ያነጋገርናቸው ዕድሜያቸው የገፋ መካኒክ ናቸው። መኪና ሁሉ በእኛ ኮረኮንች መንገድ በየት በኩል እንደሚጎዳ፣ የትኛው ዕቃ በስንት ወር እንደሚያልቅ፣ ስሙ ተጽፎበት ውስጡ ሌላ የሆነው ዕቃም በምን እንደሚታወቅ ሲዘረዝሩልን አንድ ሰዓት አለፈ። «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ጽፈውት ያውቃሉ?» ብለን ጠየቅናቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ለማን ብዬ ልጻፈው?» አሉን።

5. መደምደሚያ

ይህ ጥያቄ የጽሑፋችን ቍም ነገር ነው። ጂ1 በተሰበረ ጊዜ የባለቤቱን እሮሮ የሚቀበል ሰው ነበር፤ እሮሮውም ወደ ፋብሪካው ተመልሶ ብረት ሆነ። ጥንካሬ የመጣው ስሕተት ባለመሥራት ሳይሆን ስሕተትን ባለመደበቅ ነው። ይህንንም ቶዮታ ራሱ በረሳው ጊዜ ዋጋውን ከፍሏል። የነዳጅ መስጫው መርገጫ በአንዳንድ መኪናዎቹ ላይ ተይዞ ስለሚቀር በ2009 እና በ2010 ብዙ ሚሊዮን አውቶሞቢሎች ለጥገና ተጠሩ፤ የሳኪቺ የልጅ ልጅ ልጅ አኪዮ ቶዮዳ በየካቲት 2010 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ፣ ኩባንያው ሰዎቹን ከሚያሠለጥንበት ይልቅ በፈጠነ መጠን ማደጉን አምኗል። ገዢዎችን ስለማሳሳቱም በ2014 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ስም ያለ ልማድ እንደማይቆም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ሲጽፉ፣ የቶዮዳ የአውቶሞቢል ክፍል ገና አልተከፈተም ነበር። በዚያን ዘመን የነበሩ ምሁራኖቻችን ከጃፓን ምን እንማር ብለው ይጠይቁ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተገዛው መኪና ብዙ ነው፤ ልማዱ ግን እንደ መኪናው በመርከብ ተጭኖ አልመጣም።

ጉዳዩም ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2024 መንግሥታችን በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። እንግዲህ አሮጌው ዲኤክስና አባዱላ በጠጋኞቻቸው ዕውቀት ይኖራሉ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት አዲሶቹም ሕመማቸውን ገና ካልለመዱት መካኒኮች እጅ ይገባሉ። የሽማግሌዎቹ ዕውቀት ሳይጻፍ አብሯቸው ቢቀበር፣ የሚቀጥለው ትውልድ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ስለዚህ የታሪክም ሆነ የምሕንድስና ተማሪ የሆኑ ጓደኞቻችን በዕረፍት ጊዜያቸው አንድ ደብተር ይዘው ወደ አንድ ጋራዥ እንዲሄዱ እናሳስባለን። የትኛው ዕቃ፣ በየትኛው መንገድ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደ ተሰበረ ይጻፍ። እኛም የእኒያን መካኒክ ቃል መጻፍ ጀምረናል፤ «ለማን ብዬ?» ላሉት ጥያቄ የምንሰጠው የመጀመሪያ መልስ ይኸው ነው።