ተሽከርካሪ ወንበርና የሕፃናት ጨዋታ፦ ከታሪኩ ለሀዋሳ ትምህርት ቤቶች የሚገኝ ትምህርት

ሕፃናት ከእኩዮቻቸው ጋር ሲጫወቱ ተራ መጠበቅን፣ ደንብ ማክበርንና መግባባትን ይማራሉ። ስለሆነም የትምህርት ቤት ሜዳ ራሱን የቻለ የትምህርት ቦታ ነው። ይሁን እንጂ የተሽከርካሪ ወንበር ታሪክ ሲመረመር፣ የሕፃናት ጨዋታ ለረጅም ጊዜ ሳይታሰብበት መቆየቱ ይታያል።

በሞተር የሚሄደው ወንበር በመጀመሪያ የታሰበው ለአዋቂዎች ነበር። ካናዳዊው መሐንዲስ ጆርጅ ክላይን የሠራው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለቆሰሉ ወታደሮች ነው። ለሕፃናት አይሆንም የሚለውን እምነት ካናወጡት አንዷ አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሻርሊን በትለር ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ባካሄደቻቸው ጥናቶች ሁለትና ሦስት ዓመት ገደማ የሆናቸው ሕፃናት ወንበሩን መንዳት እንደሚችሉ አሳየች። በኋላም የዴላዌር ዩኒቨርሲቲው ኮል ጋሎዌይ በባትሪ የሚሄዱ የመጫወቻ መኪናዎችን በእጅ በሚጫን ትልቅ ቁልፍ እንዲነዱ በማሻሻል ወጪውን ቀነሰ።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1962 ሥራ የጀመረው የመናገሻው ቼሻየር ማዕከል በፖሊዮ የተጎዱ ሕፃናትን ተቀብሎ እንዲራመዱ ሲረዳ ቆይቷል፤ የድርጅቱ አገልግሎትም ከጊዜ በኋላ ሀዋሳ ደርሷል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት 30ኛ አንቀጽ ደግሞ በትምህርት ቤት ያለውን ጨምሮ በጨዋታ እኩል የመሳተፍን መብት ለሕፃናቱ ያረጋግጣል።

ጉዳዩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በሌላ ሰው የሚገፋ ልጅ የሚሄደው ገፊው ወደ ወደደው ነው፤ በአባሮሽ ማምለጥም ማባረርም አይችልም። ገፊው ወደ ኳሱ ሲሮጥ እርሱ ባለበት ይቀራል። ራሱ የሚነዳው ልጅ ግን ይቀርባል፣ ይሸሻል፣ ያሳድዳል፤ ባልንጀራውንም ራሱ ይመርጣል።

ሀዋሳ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። ሜዳማነቷ ብስክሌትን የዘወትር መጓጓዣ አድርጎታል፤ ጎማና ቸርኬ የሚጠግኑ እጆችም አሏት። የሚቀረው የክፍል ደረጃዎችን በተዳፋት መተካት፣ ቦዮችን መክደን፣ ሜዳውን መደልደልና ባትሪ የሚሞላበትን ስፍራ ማዘጋጀት ነው። መምህሩም የጨዋታውን ደንብ ከተማሪዎቹ ጋር ሊያሻሽል ይገባዋል፤ ለምሳሌ በሰኞ ማክሰኞ መስመሩን ማስፋት ይቻላል።

እንግዲህ የዕቅድ ባለሙያ የታደሉትን ወንበሮች ቁጥር ሲመዘግብ፣ ልጁ በዕረፍት ሰዓት ከማን ጋር እንደተጫወተ ጭምር ሊጠይቅ ይገባል።